ሦስት ጊዜ ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር፦ ስለ ፕሮሰሰር ሙቀት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቃት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄን ኮምፒውተር ቫይረስ ጨረሰው። ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት። ጠዋት ደህና ነው። ረፋድ ላይ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ድርግም ብሎ ይጠፋል» አለችኝ።

ቫይረስ ከሆነ ጠዋትም ማታም ያው ቫይረስ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ቤቱ ሲሞቅ የሚብስ ችግር ግን ብዙውን ጊዜ ከሙቀት ነው። ሄጄ የሳጥኑን ጎን ከፈትሁት። በፋኑና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ የጋቢ ቁራጭ መስሏል። በጣቴ ሳነሣው እንዳለ ተገሽልጦ ወጣ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ሥራ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ሆነ። ለሦስቱ ፎርማት የወጣው ብር ግን ቀረ። ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ ደግሞ በመጀመሪያው ፎርማት አብሮ የጠፋው የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ስለሚደጋገም ነው ይህን የምጽፈው። ኮምፒውተር በዘገየ ቁጥር ፎርማት እናስደርጋለን። ሙቀቱን የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ስም እናጥራ። ብዙዎቻችን ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን እንጠራዋለን። ሲፒዩ ማለት ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ሳጥኑ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ከላይ የምናየው የብር መልክ ያለው ክዳኑን ነው። ሥራውን የሚሠራው ከክዳኑ ሥር ያለው ሲሊከን ነው፤ ስፋቱም የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። በዚያች ቦታ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል።

የውኃ ፓምፕ መብራት ወስዶ ውኃ ይገፋል። አምፖል መብራት ወስዶ ብርሃን ይሰጣል። ፕሮሰሰር ግን የሚገፋውም የሚያበራውም ነገር የለም። የወሰደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 65 ዋት ከወሰደ 65 ዋት ሙቀት ያወጣል።

65 ዋት ሲሉት ትንሽ ይመስላል። እስቲ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር እናስተያየው። የቤት የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ያ ሁሉ ሙቀት በ2800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይበተናል። ለአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ሲካፈል ከአንድ ዋት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋቱን የሚያወጣው ግን ከ1.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ40 ዋት በላይ ደረሰው ማለት ነው። እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ ከ30 እጥፍ በላይ! ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን እኔም ደግሜ ነው ያሰላሁት።

ታዲያ እንዴት አይቃጠልም? ሙቀቱ ገና እንደወጣ የሚሄድበት መንገድ ስለተሠራለት ነው። ከሲሊከኑ ወደ ብረት ክዳኑ ይወጣል። ከክዳኑ፣ ፔስት በሚባለው ቅባት አልፎ፣ ሂትሲንክ ወደሚባለው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ይገባል። ፋኑ በክንፎቹ መካከል አየር ይነዳል። አየሩ ሙቀቱን ተሸክሞ ከሳጥኑ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ቆጋ መስኖ ላይ ያረሰ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦዩ ታች ላይ ከተደፈነ ውኃው ላይኛው ማሳ ላይ ይተኛል። ሙቀትም እንደዚያው ነው። ከመንገዱ አንድ ቦታ ሲዘጋ የሚግለው ከሁሉ በላይ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመቀየር በፊት፣ ብር ከማውጣት በፊት፣ የተዘጋው የት ላይ እንደሆነ መፈለግ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቃት ቦታ ፔስቷ ናት። የፕሮሰሰሩ ክዳንና የሂትሲንኩ ሥር ለዓይን ልስልስ ያሉ ናቸው። በማጉያ ቢታዩ ግን ጎርበጥባጣ ናቸው። ሁለቱን ብታጋጥሟቸው በየጎድጓዳው አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት ማስተላለፍ አይሆንለትም። መዳብ ከአየር 15,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ፔስቱ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ አስቡት። ጎመን ዘሩ የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ምጣዱ ይለሰልሳል። የፔስት ሥራም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ፔስት ብዙ ያቀዘቅዛል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፔስት ከአየር በመቶ እጥፍ ቢሻልም ከመዳብ ጋር ሲተያይ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ጎድጓዳውን መሙላት እንጂ በሁለቱ ብረቶች መካከል ወፍሮ መተኛት የለበትም። አነስ ያለች የአተር ፍሬ የምታህል መካከሉ ላይ ጠብ ማድረግ ለአብዛኛው ፕሮሰሰር ይበቃል። ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይለጠጣል።

ፔስት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ሱቅና ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ አሥር ዓመት ቢሞላው አይገርምም፤ ፔስቱም የዚያኑ ያህል ዕድሜ አለው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዙ ፔስቱን መቀየር የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን። ከተጨማሪ ራም ወይም ከአዲስ ዊንዶውስ በፊት ማለቴ ነው።

ሂትሲንኩን ለመረዳት ሰፌድ ይበቃል። የተቆላ ገብስ ክምር ሆኖ ከተቀመጠ ውስጡ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል። ሰፌድ ላይ ሲዘረጋ ግን ቶሎ ይበርዳል። ክንፎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ገጽ ለአየር ለመስጠት። በክንፎቹ መካከል አቧራ ከገባ ገብሱን መልሶ እንደ መከመር ነው።

አሁን እኛን ጎጃሞችን የሚመለከት ነገር ላንሣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ባቄላችን ቶሎ የማይበስለው፣ ውኃችንም በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ፋኑ እኛ ጋም ሌላ አገርም በአንድ ዙር የሚገፋው አየር የሚይዘው ቦታ እኩል ነው። እኛ ጋ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ፋኑ ይበልጥ መሮጥ አለበት።

ደጋው ግን በሌላ በኩል ይክሰናል። ክፍሉ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የማርቆስ ብርድ ለሰው ይከብድ ይሆናል እንጂ ለኮምፒውተር ሲሳይ ነው። ወደ አባይ በረሃ ወረድ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። አየሩ ወፈር ይላል፤ ክፍሉ ግን ይግላል። ባሕር ዳር በ1800 ሜትር ከፍታ፣ በሁለቱ መካከል ላይ ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትሞቃለች። በየትኛውም ከተማ ቢሆን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷም ጣራ እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚብስበት ለዚህ ነበር።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች የተፈቀደላቸው ጣሪያ 95 ወይም 100 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ ሲደርሱ በመጀመሪያ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። እኛ «ተንቀራፈፈ» የምንለው ይህንን ነው። ፍጥነት መቀነሱ ካልበቃ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል። ሁለቱም ፕሮሰሰሩ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ማብራት ትርፉ ማሽኑን ማጎሳቆልና ያልተቀመጠ ሥራን ማጣት ነው።

መለካት ቀላል ነው። «ኮር ቴምፕ» ወይም «ኤችደብሊው ሞኒተር» የሚባሉ በነፃ የሚወርዱ ፕሮግራሞች አሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭኖ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ መግባት ይቻላል፤ ብዙ ማዘርቦርዶች የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዚያ ያሳያሉ። ምንም ሳይሠራ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። ከባድ ሥራ ላይ ከ60 እስከ 80 ቢደርስም አያስጨንቅም። ተራ የቢሮ ማሽን ጽሑፍ እየተተየበበት ብቻ 90 ከነካ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

የት እንደተዘጋ ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ኮምፒውተሩን ለሃያ ደቂቃ ያህል አሠራዋለሁ። ፕሮግራሙ 90 ዲግሪ ሲያሳይ አጠፋዋለሁ፤ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ከዚያ ሂትሲንኩን ሥሩ አካባቢ በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ እነካዋለሁ። ብረቱ በጣም የሚፋጅ ከሆነ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ በደንብ ወጥቶ ብረቱ ላይ ደርሷል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ አቧራ፣ የደከመ ፋን ወይም መተንፈሻ ያጣ ሳጥን። ፕሮሰሰሩ 90 እያለ ብረቱ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ግን ሙቀቱ ጭራሽ አልተሻገረም። ፔስቱ ደርቋል፤ ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም። ይህች አንዲት ንክኪ ብዙ ያለ ቦታው የሚወጣ ብር ታድናለች።

ነገሩ አቧራ ከሆነ ማጽዳት ነው። በእኛ አገር በጋው ረጅም ነው፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ነፋስ ደግሞ አቧራውን በር ሥር ሳይቀር ያስገባዋል። ወለል ላይ የተቀመጠ ሳጥን ሰው በተራመደ፣ ቤት በተጠረገ ቁጥር ይጠጣዋል። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ከሆነ ጢሱ ስስ ቅባት ይተዋል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው በነፋስ ብቻ አይለቅም፤ ብሩሽ ይፈልጋል።

ከሶኬት ንቀሉት። ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጫኑት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በረንዳ ላይ አውጡት። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና አነስተኛ ብሎወር ይበቃል። ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት። ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። አንዳንድ ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ጎሚስታ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። እባካችሁ ይቅር። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ግፊቱ ከባድ ነው፤ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይትም ይተፋል። ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለሳጥኑ ዕቃዎች የሚያከፋፍለውን) ደግሞ በምንም ምክንያት አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ከውጭ በብሩሽ መጥረግ ይበቃዋል።

ፔስት መቀየር ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። በፕሮሰሰሩ ላይም በሂትሲንኩ ላይም ያለውን አሮጌ ፔስት በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ጥጥ ክሩን ስለሚተው የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ጨርቅ ይሻላል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙ የኢንቴል ሂትሲንኮች አራት የፕላስቲክ እግሮች አሏቸው። ስትመልሱት አንዱን እግር ከተጫናችሁ በኋላ ቀጥሎ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ተጫኑ። እያንዳንዱ «ቀጭ» ማለት አለበት። አንዱ ካልገባ ሂትሲንኩ በዚያ በኩል ከፍ ይላል፤ ፔስቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም። ከቆየሁበት ሥራ የተማርሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ፔስት ተቀይሮ ያልተሻለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አንድ እግሩ አልገባም።

ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (የግድግዳው ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መቀመጫ) ላይ የሚገቡ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። ሂትሲንኩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ከሳባችሁት ፔስቱ ፕሮሰሰሩን አጣብቆ ከሶኬቱ ሊነቅለው ይችላል። ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን እግሮች ከተጣመሙ ጉዳቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠሩት፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይላላል። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ሂትሲንኩን ግራ ቀኝ በዝግታ እያወዛወዛችሁ አላቁት።

ፔስት ሲጠፋ በጥርስ ሳሙና የሚተኩ አሉ። ለጥቂት ቀን የሠራ ይመስላል። ውኃው ሲተን ግን ደርቆ እንደ ኖራ ይሆናል፤ ያኔ ከድሮው ይብሳል። ፔስቱ ከሌለ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር በሰው እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ሌላው የማየው፣ ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ ላይ «ሲፒዩ ፋን ኢረር» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ኤፍ1 ተጭኖ ማለፍ ነው። ኤፍ1 መጫን የዕለት ልማድ የሆነበት ቢሮ አውቃለሁ። ጽሑፉ ፋኑ አልዞረም እያለ ነው። ወይ ፋኑ ቆሟል፣ ወይ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን ተብሎ በተጻፈበት ቦታ አልተሰካም። ከፍቶ ማየት ነው።

ዳንቴሉንም ላንሣ። ኮምፒውተር በዳንቴል ማልበስ ለዕቃው ካለን ክብር የመጣ ነው፤ ጠፍቶ ሳለም ከአቧራ ይጠብቀዋል። ሲበራ ግን ይነሣ። ከላይ መተንፈሻ ያለው ሳጥን ለብሶ ከሠራ ሙቀቱ ውስጡ ይታፈናል። በር ባለው የጠረጴዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም እንደዚያው ነው፤ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከወለልም ከፍ ይበል።

ሳጥኑን ከፍቶ መተውስ? ለጊዜው ሙቀቱ ሊቀንስ ይችላል። ሳጥኑ ሲዘጋ ግን አየሩ ከፊት ገብቶ ከኋላ እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሲከፈት ያ ሥርዓት ይፈርሳል። በእኛ በጋ ደግሞ የተከፈተ ሳጥን በአጭር ጊዜ በአቧራ ይሞላል። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ከሂትሲንኩ ወደ ኋላው ፋን አየር የሚመራ የፕላስቲክ መሸፈኛ አላቸው። «ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚጣለው እሱ ነው። መልሱት፤ የአየሩ መንገድ ነው።

ዕቃ ታዞ እስኪመጣ ድረስ ሥራ እንዳይቆም የሚረዳ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ላይ በኮንትሮል ፓነል በኩል ወደ ፓወር ኦፕሽን ግቡ። በዝርዝር ማስተካከያው ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚል አለ። 100 በመቶ የሚለውን 99 አድርጉት። ቀልድ ይመስላል። ያቺ አንድ በመቶ ግን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ዘሎ የሚሄድበትን ቱርቦ የሚባለውን ታጠፋዋለች። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ አይጨምርም፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንሱ ሙቀቱ ከሩብ በላይ ይወርዳል። ለትየባና ለፎቶ ኮፒ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ጽዳቱና ፔስቱ ካለቀ በኋላ ወደ 100 መልሱት፤ ከዚያም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ሙቀቱን አንድ ጊዜ ለኩት።